የመስመር ጫፍ ከጉድጓድ ይጀምራል፦ የኤሌክትሪክና የፋይበር መስመርን ጫፍ አስሮ ለማቆም ዝርዝር መመሪያ

ጣርማ በር ላይ ንፋስ ሲነሳ የመኪና በር መክፈት ያስቸግራል። በዚያ ንፋስ መሐል ቀና ብላችሁ ምሰሶዎቹን እዩ። አብዛኞቹን ሽቦው ከግራም ከቀኝም እኩል ስለሚጎትታቸው ብዙም አይጨነቁም። መስመሩ የሚያልቅበት ወይም በደንብ የሚታጠፍበት ምሰሶ ግን ብቻውን ነው። አንድ ወገን ይጎትተዋል፤ በሌላው ወገን የሚመልስለት የለም። በሥራ ቋንቋችን ይህን ቦታ «ዴድ ኤንድ» እንለዋለን።

ዴድ ኤንድ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ላይ ያለው ክላምፕ፣ ማለትም ሽቦውን ጨምቆ የሚይዘው ማሰሪያ ነው። እኔ ጫፍ ምሰሶ ዘመመ፣ ሽቦ ረገበ ተብዬ ስጠራ መጀመሪያ የማየው መሬቱን ነው። የሠርግ ድንኳን የተከለ ሰው ይገባዋል። ሸራው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ካስማው ከላላ ድንኳኑ አይቆምም። ስለዚህ ይህን መመሪያ የጻፍኩት ከታች ወደ ላይ ነው። ሥራውም እንደዚያው ቢሠራ ደስ ይለኛል፦ መጀመሪያ ጉድጓዱ፣ ከዚያ ስቴዩ (ምሰሶውን በሰያፍ ወደ መሬት የሚይዘው የብረት ገመድ)፣ ከዚያ የምሰሶው ራስ፣ መጨረሻ ላይ ሽቦው።

ከመጀመራችሁ በፊት

የኤሌክትሪክ መስመር ላይ መውጣት የሚችለው የተፈቀደለትና የሠለጠነ ቡድን ብቻ ነው። ይህን ጽሑፍ አንብቦ ማንም ሰው ምሰሶ ላይ እንዳይወጣ አደራ እላለሁ። የተጻፈው ለጀማሪ የመስመር ሠራተኞች፣ ለቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች፣ ለፋይበር ዘርጊዎች፣ እንዲሁም በግቢያቸው ጫፍ ምሰሶ ቆሞ ደኅንነቱን ማወቅ ለሚፈልጉ ነው።

መስመሩ ይጠፋል። ማጥፊያው ይቆለፋል፤ «ሰው እየሠራ ነው» የሚል ምልክት ይንጠለጠልበታል። ከዚያ ኃይል አለመኖሩ በመሣሪያ ይፈተሻል። በመጨረሻ ከሥራ ቦታው በሁለቱም ወገን ሽቦዎቹ ከመሬት ጋር ይያያዛሉ (ኧርዝ ይደረጋሉ)። ይሄ የመጨረሻው አይዘለል። መብራት ሲጠፋ በየሱቁና በየወፍጮ ቤቱ ጄኔሬተር ይነሳል። አንዱ ጄኔሬተር ያለ መለያ ማብሪያ ከተገናኘ ኃይሉ በትራንስፎርመሩ በኩል ወደ ኋላ ይመለሳል። 220 ቮልት ሆኖ ገብቶ 15 ወይም 33 ሺህ ቮልት ሆኖ ይወጣል። ጠፍቷል ያላችሁት ሽቦ ገዳይ ይሆናል።

የፋይበር ሠራተኞችም በጋራ ምሰሶ ላይ ስትሠሩ በላያችሁ ያለውን ሽቦ ሁሉ ኃይል እንዳለው ቁጠሩት።

መሳቡ ስንት ነው?

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ትንሽ ሒሳብ ሥሩ። 50 ሜትር በተራራቁ ሁለት ምሰሶዎች መካከል 95 ካሬ ሚሊ ሜትር የአልሙኒየም ሽቦ ተዘርግቷል እንበል። በሜትር 260 ግራም ገደማ ይመዝናል። በ50 ሜትር 13 ኪሎ መሆኑ ነው፤ ሰው በአንድ እጁ የሚያነሳው። ይህ 13 ኪሎ መሐሉ ላይ 54 ሳንቲ ሜትር ብቻ ረግቦ እንዲቆም ግን ጫፉን በ150 ኪሎ መሳብ ያስፈልጋል። መስመሩ ቀጥ ብሎ እንዲያምር ብላችሁ ርግበቱን ወደ 27 ሳንቲ ሜትር ብትቀንሱት መሳቡ 300 ኪሎ ይሆናል።

ስሌቱ ቀላል ነው። የአንድ ሜትር ክብደቱን በርቀቱ አባዙት። የመጣውን እንደገና በርቀቱ አባዙት። ከዚያ ለርግበቱ 8 እጥፍ አካፍሉት። ርግበቱ በሜትር ይሁን።

እዚህ ላይ የኛ አገር አየር ይገባል። ኅዳር ላይ ደብረ ብርሃን ቀትር 6 ሰዓት ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ሜዳው በውርጭ ነጭቶ ያድራል። አልሙኒየም በ20 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ያ 50 ሜትር ሽቦ 23 ሚሊ ሜትር ያጥራል። 54 ሳንቲ ሜትር የረገበው ሽቦ ደግሞ ከምሰሶ ምሰሶ ካለው ቀጥታ ርቀት የሚበልጠው በ16 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የሚያጥረው ከትርፉ በለጠ ማለት ነው። ምሰሶዎቹ ካልተነቃነቁ ሽቦው ራሱ ይለጠጣል፤ መሳቡም ወደ እጥፍ ይጠጋል። ቀን ላይ 150 ኪሎ ያላችሁት ለሊቱን 280 ሊደርስ ይችላል።

ስለዚህ የርግበት ሠንጠረዥ ከሙቀት ጋር ነው የሚነበበው። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሸዋ ሮቢት ወርዳችሁ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛላችሁ። የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አይደለም። ግን ለሸዋ ሮቢት ቀትር ያሰላችሁትን ርግበት ደጋ ላይ ወስዳችሁ ብትሠሩበት ትሳሳታላችሁ። ቴርሞሜትር ይዛችሁ ውጡ። ዋጋው ትንሽ ነው።

ቀጥሎ የስቴዩ ማዕዘን። በምሰሶው ላይ 4 ሽቦ ካለና እያንዳንዱ 150 ኪሎ ከሳበ ጠቅላላው 600 ኪሎ ነው። ስቴዩ 8 ሜትር ከፍታ ላይ ታስሮ እግሩም ከምሰሶው 8 ሜትር ርቆ ከተቀበረ ማዕዘኑ 45 ዲግሪ ይሆናል፤ ስቴዩ የሚሸከመው 850 ኪሎ ገደማ ነው። «የገበሬው ማሳ ነው፣ እናቅርበው» ብላችሁ እግሩን 4.6 ሜትር ላይ ብትቀብሩት ግን ስቴዩ 1,200 ኪሎ ይሸከማል። ምሰሶውን ወደ ታች የሚጫነውም ኃይል ከ600 ወደ 1,040 ኪሎ ያድጋል። መሬቱ ረግረግ ከሆነ ምሰሶው መስመጥ ይጀምራል።

ይህ የቀትሩ መሳብ ብቻ ነው። ዕቃ ሲመረጥ የሌሊቱ ቅዝቃዜና ንፋሱ ይጨመርበታል፤ በዚያ ላይ የደኅንነት ትርፍ ይያዛል። ያንን የሚወስነው ዲዛይኑ ነው። እኔ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የስቴዩን እግር ለማቅረብ ከመወሰናችሁ በፊት ይህን ሒሳብ ሥሩ። ከባለማሳው ጋር ግማሽ ሰዓት መነጋገር ይሻላል።

ጉድጓዱ

ስቴዩ መሬት ላይ የሚታሰርበት የስቴይ ሮድ አብዛኛውን ጊዜ ከ16 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የዚንክ ቅብ ብረት ነው። ታች ፕሌት (ጠፍጣፋ ሳህን) አለው፣ ላይ ዓይን (ቀለበት)። ፕሌቱ የሚይዘው በራሱ ክብደት አይደለም። የሚይዘው በላዩ ያለው አፈር ነው። ስቴዩ ሲስብ ፕሌቱ ያንን አፈር ሁሉ ይዞ መውጣት አለበት። አፈሩ ያልተነካ ከሆነ አንድ ላይ ይቆማል። ልል ከሆነ ፕሌቱ እንደ ማንኪያ ሰንጥቆት ይመጣል።

ስትቆፍሩ ጉድጓዱን ከሚያስፈልገው በላይ አታስፉት። ወደ ምሰሶው ያለውን ግድግዳ አትንኩት፤ ፕሌቱ የሚደገፈው እሱ ላይ ነው። በዚያ ግድግዳ ላይ ሮዱ የሚተኛበትን ቀጭን ቦይ ብቻ በሰያፍ አውጡ። ሮዱ ከፕሌቱ እስከ ዓይኑ ከስቴዩ ጋር አንድ ቀጥታ መስመር ላይ መሆን አለበት። ብዙ ሰው ይህን ቦይ ማውጣት ይሰለቸዋል። ሮዱን ቀጥ አድርጎ ያቆምና አናቱን ወደ ምሰሶው ያጎብጠዋል። መስመሩ ሲሳብ የጎበጠው ሮድ አፈሩን እየቆረጠ ይቃናል። ይህ ሲሆን ስቴዩ ይረግባል፤ ምሰሶውም ይዘማል። ሳምንት ሳይሞላ ተመልሳችሁ ትመጣላችሁ።

አፈሩን በ20 ሳንቲ ሜትር ድርብርብ እየመለሳችሁ እያንዳንዱን ድርብ ጠቅጥቁት። ጠቅጣቂው እጁ እስኪዝል ይምታ። ከጉድጓዱ የወጣው አፈር ከሞላ ጎደል ሁሉም ካልተመለሰ አልጠቀጠቃችሁም ማለት ነው። በመጨረሻ ዓይኑ ብቻ ከመሬት በላይ ይታይ።

ስለ መረሬ ለብቻው መናገር አለብኝ። በእነዋሪ ሜዳ የሠራ ያውቀዋል። ጥቁሩ አፈር በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ገበሬው ውሃው እንዲንቆረቆር ሰፊ መደብና ቦይ እያወጣ የሚዘራው በምክንያት ነው። እንዲህ ባለው መሬት ጉድጓዱን ጠለቅ አድርጉት፤ ሰፋ ያለ ፕሌት ይዛችሁ ሂዱ። ከፕሌቱ በላይ የወጣውን ጭቃ ከመመለስ ድንጋይና ጠጠር አምጥታችሁ ጠቅጥቁ። በአናቱ ላይ አፈሩን ከፍ አድርጋችሁ ውሃ እንዳይተኛበት አድርጉ። ክረምቱ ሳይገባ ተቀብሮ አንድ ክረምት ያለፈበት ስቴይ ቢገኝ እሰየው ነው፤ ግን ሥራ እንዲህ አይጠብቅም።

አለት ከሆነ ደግሞ ፕሌት አይሆንም። በድሪል ተበስቶ የሚገባ የአለት መልህቅ አለ። መልህቁ የሚሠራው አለቱ ጤነኛ ሲሆን ነው። በመዶሻ ምቱት፤ ጥርት ብሎ ከጮኸ ጥሩ ነው። የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ተሰንጥቋል፤ ቦታ ቀይሩ።

ስቴዩና ግሪፑ

የስቴይ ሽቦ ብዙ ጊዜ ሰባት የብረት ክር የተገመደበት ነው። ከመቁረጣችሁ በፊት የምትቆርጡበትን ቦታ ግራና ቀኝ በቴፕ ጠቅልሉት፤ አለዚያ ይበተናል፣ ፊትንም ይመታል።

ጫፉን ለማሰር የሚሻለው ቀድሞ የተጠመዘዘው ግሪፕ ነው። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የፀጉር ማስያዣ የመሰለ፣ ሁለት ጠመዝማዛ እግር ያለው፣ ርዝመቱ እንደ ሽቦው ውፍረት ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ። ብሎን የለውም፣ ዳዶ የለውም። እግሮቹ ከሽቦው ትንሽ ጠበብ ተደርገው ስለተጠመዘዙ ሲጠቀለሉ ሽቦውን ያንቁታል። ስቴዩ በተሳበ ቁጥር ይበልጥ ያጠብቃሉ። ውስጣቸውን በጣታችሁ ብትዳስሱት አሸዋ ይሻክራችኋል። ያ አሸዋ ነው እንዳይንሸራተት የሚረዳው። ታዲያ ግሪፑን ዘይትና ጭቃ ላይ አትጣሉት።

ሁለት ነገር ሳታመሳክሩ አትጠቅልሉ። አንደኛው መጠን ነው። ግሪፑ ላይ ያለው ቀለምና ጽሑፍ ለየትኛው ውፍረት እንደተሠራ ይናገራል። «ትንሽ ነው የሚለያየው» የሚባል ነገር የለም። ሁለተኛው የግምዱ አቅጣጫ ነው። ሽቦውን በእጃችሁ ይዛችሁ ከእናንተ ወደ ፊት እየራቀ ሲሄድ ክሮቹ ወደ ግራ ይዞራሉ ወይስ ወደ ቀኝ? ግሪፑም ወደዚያው መዞር አለበት። በተቃራኒው ከሆነ በክሮቹ ላይ ተሻግሮ ይቀመጣል እንጂ አያንቅም።

አጠቃለሉ እንዲህ ነው። ከግሪፑ ቀለበት ቲምብል የሚባለውን ጎድጓዳ ማስገቢያ አስገቡ፤ ቀለበቱ በሮዱ ዓይን ላይ እንዳይታጠፍና እንዳይፈጭ እሱ ይጠብቀዋል። ዓይኑ ዝግ ከሆነ እግሩን ከመጠቅለላችሁ በፊት አሳልፉት፤ ጠቅልሎ ጨርሶ «አልገባም» ማለት የተለመደ ስሕተት ነው። እግሮቹ ላይ ቀለም የተቀባ የመሻገሪያ ምልክት አለ። አንዱን እግር ምልክቱ ሽቦውን ከነካበት ጀምራችሁ ሁለት ዙር ጠቅልሉ። ሁለተኛውን እግር አምጡና ምልክቱን ከመጀመሪያው ምልክት ጋር አስተካክሉ፤ እሱንም ሁለት ዙር። ከዚያ ሁለቱን እያፈራረቃችሁ እስከ ጫፍ ድረስ በእጅ ጨርሱ። ጫፎቹ ካስቸገሩ ክሮቹን ለይታችሁ አንድ በአንድ በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ደገፍ አድርጉ። በፒንሳ አትጠምዝዙ። ፒንሳ የዚንክ ቅቡን ይልጠዋል፣ ዝገቱም ከዚያ ይጀምራል። ሲያልቅ ክሮቹ እንደ ሹሩባ ተኝተው፣ በመሐላቸው ክፍተት ሳይኖር፣ ጫፋቸው ጠቅ ብሎ ገብቶ መታየት አለበት።

ግሪፕ ተፈትቶ ሁለተኛ መጠቀም ይቻላል ወይ? አምራቾች የሚሰጡት ገደብ አለ። ስቴዩን እንደገና ለማጥበቅ ብቻ፣ ከተገጠመ 3 ወር ሳይሞላው፣ ከሁለት ጊዜ ያልበለጠ። ከ3 ወር ካለፈ ይጣላል። ሌላ ምሰሶ ላይ ወስዶ መግጠም የለም።

ይህን በደንብ የማውቀው ስላጠፋሁ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን በአንኮበር መንገድ አጠገብ ላለ የፋይበር መስመር ጫፍ ምሰሶ አንድ ግሪፕ ጎደለን። ከፈረሰ ስቴይ የተፈታ አሮጌ ግሪፕ መኪናው ላይ ነበር። ጠረግኩት፤ ጠቀለልኩት። ጥሩ የያዘ መሰለኝ። ወሩ ኅዳር ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ስንደርስ ስቴዩ ወልቆ ምሰሶው ዘሟል፤ ኬብሉ የገብሱ ክምር ላይ ተኝቷል። ባለማሳው ጋቢያቸውን ተከናንበው አጠገቡ ቆመዋል።

«ልጄ፣ ይሄ ሽቦህ ሌሊቱን ሲያፏጭ አደረ» አሉኝ። «ወደ ንጋት ላይ ቷ! አለና ዝም አለ። ልጆቹ እንዳይነኩት ስጠብቅ ነው ያነጋሁት።»

ግሪፑን አንስቼ አየሁት። ውስጡ ልሙጥ ሆኗል፤ አሸዋው ከመጀመሪያው ሽቦ ጋር ቀርቷል። እግሮቹም ሰፍተዋል። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እኚያን ሰው ውርጭ ላይ ያቆምኳቸው አንድ ግሪፕ ለመቆጠብ ብዬ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ተፈትቶ የቆየ ግሪፕ ካገኘሁ እዚያው በመቁረጫ ሁለት ቦታ እከፍለዋለሁ። ሌላ ሰው እንዳያነሳው።

ከምሰሶው ራስ ወደ ታች ሲወርድ የስቴይ ኢንሱሌተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የማያሳልፈው መለያ፣ አይረሳ። ድንገት ሽቦ ተበጥሶ ስቴዩ ላይ ቢወድቅ ታች ያለውን ሰው የሚያድነው እሱ ነው። እንቁላል የሚመስለው ፖርሲሊን ሁለት ቀዳዳ አለው። የላይኛው ሽቦ በአንዱ፣ የታችኛው በሌላው ይገባል፤ ሁለቱ ቀለበቶች እርስ በርስ ተቆላልፈው ፖርሲሊኑን በመሐል ይጨምቁታል። ፖርሲሊኑ ቢሰበር እንኳ ሽቦዎቹ እንደተያያዙ ይቀራሉ፤ ምሰሶው አይወድቅም። ሁለቱን ሽቦዎች ቀለበታቸው ሳይቆላለፍ ካሳለፋችኋቸው ግን ይህ ጥቅሙ ይቀራል። የሚቀመጠውም ስቴዩ ከታች ቢበጠስና ቢንጠለጠል ሰው ከሚደርስበት ከፍታ በላይ እንዲሆን ነው።

ታች እግሩ ላይ ቢጫ ወይም ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ አልብሱት። በማታ የሚሄድ ሰው፣ በሬ የሚነዳ ልጅ ያየዋል።

የምሰሶው ራስ

ምሰሶው ከርዝመቱ አንድ ስድስተኛው ይቀበራል፤ 9 ሜትር ከሆነ 1.5 ሜትር። ባሕር ዛፍ ከሆነ መድኃኒት የጠጣ መሆኑን አረጋግጡ። ያልታከመ ባሕር ዛፍ የሚበሰብሰው መሬቱ አፍ ላይ ነው፤ ላዩ ጤነኛ ይመስላል።

ዓይን ያለው ብሎን ምሰሶውን በስቶ ያልፋል። ከኋላ ሰፊ ካሬ ሮንዴላ ያስፈልገዋል፤ ትንሽ ሮንዴላ እንጨቱን እየበላ ይገባል። ብሎኑ በሽቦው መሳቢያ አቅጣጫ ይሁን። በጎን ከተሳበ ይጎብጣል። የስቴዩ ማሰሪያም ከሽቦው ማሰሪያ አጠገብ ይሁን፤ በጣም ዝቅ ካለ ምሰሶው መሐል ላይ ይለመጣል።

ለመካከለኛ ቮልቴጅ ቀጥሎ የዲስክ ኢንሱሌተሮች ሰንሰለት ይመጣል። በተለምዶ ለ15 ሺህ ቮልት ሁለት፣ ለ33 ሺህ ሦስት። ቁጥሩን የሚወስነው ዲዛይኑ ነው። ግን ደጋ ላይ ስንሠራ አንድ ነገር አስቡ፦ የኢንሱሌተር መመዘኛ በተለምዶ የሚሰጠው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ መከላከሉ ይቀንሳል። ለቆላ የተሰላ ሰንሰለት ደጋ ላይ ላለችው ለመሐል ሜዳ ከተማ አይበቃ ይሆናል። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ትንሿ የመቆለፊያ ፒን አለች። ሳትገባ ከቀረች ንፋሱ እያወዛወዘ መጋጠሚያውን ያወጣዋል። እኔ ከምሰሶ ከመውረዴ በፊት በጣቴ እየነካሁ እቆጥራቸዋለሁ።

ክላምፑ እንደ ሽቦው ነው

*ራቁት አልሙኒየም።* የብሎን ክላምፕ ይበቃዋል። ሽቦው የሚቀመጥበትን ቦይ ጥረጉ። ሽቦው ለስላሳ ስለሆነ ክላምፑ ውስጥ የሚገባውን ክፍል በአልሙኒየም ጥብጣብ ጠቅልሉት። ዳዶዎቹን አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ የለም፤ እያፈራረቃችሁ በጥቂት በጥቂቱ አጥብቁ፣ መጨረሻውን በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው ቁልፍ)። ከክላምፑ አልፎ ወደ ቀጣዩ መስመር የሚሄደው ጃምፐር መሳብ አይኑርበት። ማገናኛ ክላምፕም የሚገባው እዚያ ላይ ነው፤ በተወጠረው ሽቦ ላይ አይደለም።

*ሽፋን ያላቸው ሽቦዎች የተጎነጎኑበት መስመር።* እዚህ ብዙ ስሕተት ይሠራል። በአንዱ ዓይነት መሳቡን የሚሸከመው ኒውትራሉ (ዜሮ መስመሩ) ብቻ ነው፤ ክላምፑም እሱን ብቻ ይይዛል። በሌላው ዓይነት አራቱም አብረው ይያዛሉ። የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ክላምፕ አታውጡ። ኒውትራሉን ከሌሎቹ ስትለዩ በፕላስቲክ ሽብልቅ እንጂ በካቻቪቴ አይሁን፤ ሽፋኑ ላይ የተጫረች ትንሽ ጭረት ክረምት ላይ ውሃ ታስገባለች። ክላምፑ ውስጥ ያሉት ሽብልቆች እኩል ይግቡ፤ ሽቦው ሲሳብ ራሳቸው ያጠብቃሉ።

*ብረት የሌለው የፋይበር ኬብል።* ይህን ኬብል የሚሸከመው ውስጡ ያለው አራሚድ የሚባል ሰው ሠራሽ ክር ነው። ጥንካሬው ግሩም ነው፤ ኬብሉ ሲጨመቅ ግን ብርሃን የሚያስተላልፈው የውስጥ መስታወት ይጎዳል። ስለዚህ በብሎን ክላምፕ ወይም በስቴይ ግሪፕ ማሰር ክልክል ነው። የራሱ ዴድ ኤንድ ሁለት ድርብ አለው። መጀመሪያ መከላከያ ዘንጎቹ ኬብሉ ላይ ይጠቀለላሉ። በእነሱ ላይ ረዥሙ ግሪፕ ይመጣል። መሳቡ በረዥም ርቀት ስለሚከፋፈል አንድም ቦታ አይጨመቅም። ዘንጎቹን «ይበቃዋል» ብሎ መተው ኬብሉን መግደል ነው። ዛሬ ይሠራል፤ ከወራት በኋላ ሲግናሉ መድከም ይጀምራል፣ ምክንያቱንም ፈልጎ ማግኘት አበሳ ነው። ስትስቡት ከኬብሉ ውፍረት 20 እጥፍ ባነሰ ራዲየስ አትጠፉት። መሳብ ሳይኖር 10 እጥፍ።

*ከብረት ሽቦ ጋር የተጣበቀ የፋይበር ኬብል።* ብረቱ ይሸከማል፤ ፋይበሩ አጃቢው ነው። ጫፉ ላይ ሁለቱን ትለያያላችሁ፤ ቢላዋው ወደ ብረቱ ይጠጋ እንጂ ወደ ፋይበሩ አይሂድ። ንፋስ ባለበት አፋፍ ላይ ኬብሉን በየ10 ሜትሩ አንድ ጊዜ ገልብጡት። ጠፍጣፋው ጎን በአንድ ወገን ከቀጠለ ንፋሱ እንደ ክንፍ ያነሳዋል።

*ወደ ቤት የሚገባው።* አነስተኛው ዴድ ኤንድ ይህ ነው። የጭቃ ቤት ከሆነ መንጠቆውን ከዋናው ቋሚ ላይ ግጠሙ። ከቆርቆሮው ጠርዝ ወይም ከማገር ላይ ማሰር አይገባም፤ ቆርቆሮ ሽቦውን ይቆርጣል፣ ግድግዳውም ይጎተታል። ሽቦው ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ታጥፎ ይንጠልጠል፤ ዝናቡ ከዚያ ይንጠባጠባል።

መወጠር

ስቴዩ ሳይጠብቅ ሽቦ አይወጠርም። መጀመሪያ ስቴዩን በፓራንኮ (በእጅ በሚሠራ መሳቢያ) እያጠበቃችሁ የምሰሶውን ራስ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ስቴዩ አዘንብሉት። ሽቦው ሲወጠር ወደ ቀጥታው ይመለሳል።

ሽቦውን በራሱ መያዣ ያዙትና በፓራንኮ ሳቡ። ቀድሞ የተጠመዘዘው ግሪፕ የመሳቢያ መሣሪያ አይደለም። ምሰሶው አራት ሽቦ ካለው መጀመሪያ የመሐሎቹን፣ ከዚያ የዳር ዳሮቹን፤ በአንድ ወገን ብቻ ከጀመራችሁ ሽቦዎቹ የሚታሰሩበትን የምሰሶውን አግዳሚ ክንፍ ታጣምሙታላችሁ። ርግበቱን የምትለኩት በዓይን ግምት አይሁን። በሁለቱ ምሰሶዎች ላይ ከማሰሪያው በታች የርግበቱን ያህል ለክታችሁ ዘንግ እሰሩ፤ ከአንዱ ዘንግ ወደ ሌላው ስታዩ የሽቦው ሆድ በዓይናችሁ መስመር ላይ ሲነካ ይበቃል።

በዚያ ሰዓት በሽቦውና በስቴዩ መካከል፣ ከምሰሶው ሥርም፣ ማንም አይቁም። ልጆች መሰብሰባቸው አይቀርም። አንድ ሰው ሥራው እነሱን ማራቅ ብቻ ይሁን።

ክላምፑ ከተያዘ በኋላ ፓራንኮውን በቀስታ አላልቁ። ወዲያው አትፍቱት። ጭነቱ ወደ ክላምፑ ሲተላለፍ ሽቦው ላይ በማርከር መስመር አድርጉ፣ ልክ ከክላምፑ አፍ። መስመሩ ከተንቀሳቀሰ ተንሸራቷል።

ከዚያ በኋላ

ሳምንት ቆይታችሁ ጠዋት በብርዱ ተመለሱ። ማርከሩን እዩ። ዳዶዎቹን በቶርክ ቁልፍ ደግማችሁ ፈትሹ፤ አልሙኒየም ከተጨመቀ በኋላ ይተኛል፣ ዳዶውም ይላላል። ሽቦው የሚያፏጭ ከሆነ ንቁ፤ በንፋስ የሚንቀጠቀጥ ሽቦ ክላምፑ አፍ ላይ ክር በክር ይበጠሳል። እንዲህ ባለ ቦታ የንዝረት መከላከያ ይጠየቃል።

ነሐሴ ሲያልቅ ደግሞ ወደ ሮዱ ሂዱ። ዙሪያው ከተሰነጠቀ ወይም ዓይኑ ከቀድሞው ከፍ ብሎ ከታየ ፕሌቱ እየወጣ ነው። ማረሻም ይታሰብ። በየዓመቱ ድንበሩ በአንድ ትልም ይጠጋል፤ ሦስት ዓመት ቆይቶ ሮዱ የታረሰ አፈር ውስጥ ይቆማል። ለዚህ ገበሬውን መውቀስ አይገባም። ከመጀመሪያው አንድ ሜትር ዙሪያውን በድንጋይ ከልሉና ምን እንደሚይዝ አስረዱ። ስቴዩ ላይ በግ ወይም ፈረስ ማሰር ለምን እንደማይገባም ንገሯቸው። ስልክ ቁጥራችሁን ስጡ። ያ ገበሬ መስመሩን ከማንም በፊት የሚያየው ሰው ነው።